መድኃኒት ያልነካው ደም

ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮዲዬ፣ የኔ እናት፤

ሰላምታውን ላሳጥረው፣ አትቀየሚኝ። ብርዱን እንዴት ያዝሽው፣ ምን እየበላሽ ነው እያልኩ ሌላ ጊዜ እነዘንዝሻለሁ። ይቺን ወረቀት የምታደርስልሽ ናዕማ ናት፣ ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያላት የሐጀራ ልጅ። ለትምህርት ወደዚያው ወደ ሆላንድ እንደምትመጣ ነግሬሽ ነበር። በረራዋ ነገ ማታ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኛለሽ። ስልኩማ አባትሽ እጅ ነው። ቴሌግራሙን የሚከፍተው እሱ፣ ያንቺን ድምፅ በስፒከር ለጎረቤቱ ሁሉ የሚያሰማው እሱ። ከሱ ተደብቄ አንዲት ቃል ልነግርሽ አልቻልኩም። አንድ ጊዜ በሐጀራ ስልክ ሞክሬ ነገሩን እንዴት እንዳበላሸሁት ከታች ታነቢዋለሽ። አደራሽን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውዪ። ግማሹን ሰምተሽ መሮጥ ትወጃለሽ፣ አውቅሻለሁ።

አባትሽ የልቡን መድኃኒት አቁሟል።

በቃ፣ ጻፍኩት። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ይመስለኛል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሏል፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ይቀራል። ተጋድሞ መተኛት ትቷል። ሶፋው ላይ ትራስ ደራርቤ አስደግፈዋለሁ፣ እንደዚያም ሆኖ ያፍነዋል። ዕጣው የወጣልን ጊዜ "አራተኛ ፎቅ፣ አየር እንደ ልብ" ብሎ የጨፈረበት ቤት አሁን መውረጃ የሌለው ሆኖበታል። ለመጨረሻ ጊዜ የወረደው ለጰራቅሊጦስ ነው። ሲመለስ የሐጀራ ባል የሱቁን ወንበር ተሸክሞ ከኋላው እየተከተለ፣ በየማረፊያው እያስቀመጠው ነው የወጣው። ጎረቤት እንዳያይበት ሲል ደግሞ እየቀለደ። ቀልዱን ለመጨረስ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሁትና ፊቴን አዞርኩ።

መድኃኒቱን እንዳቆመ ያወቅኩት በካፖርቱ ነው። ያ የምድር ባቡር ካፖርቱ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ካልለበስኩ የሚለው። ላጥበው ብዬ ኪሱን ስፈትሽ እጄ ነጭ ጭቃ ነካ። መጀመሪያ ከረሜላ መሰለኝ። ሳወጣው ኪኒን ነው፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ የሆነ። እኔ በየጧቱ ከውሃ ጋር የማቀርብለት፣ እሱ ደግሞ አፉ ውስጥ ከቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ "ተመስገን" ብሎ አፉን የሚጠርግበት። ሽማግሌ ሰው ከምላሱ ሥር ይደብቃል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አንቺ እንኳ በልጅነትሽ እንዲህ አድርገሽኝ አታውቂም።

የዚያን ቀን ያልኩትን አልጽፍልሽም። ብቻ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጸበሉን ነው። ያኔ አንቺ ዩኒቨርሲቲ እያለሽ፣ ጸበልና ኪኒን አይቀላቀልም ብሎ አቁሞ፣ በኦክስጅን ተርፎ መምጣቱን አትረሺውም። ውሃው ሥራውን ለብቻው ይሥራ፣ ሰውነቴ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው ነበር ያለው። ስለዚህ የንስሐ አባታችንን መምሬ ወልደገብርኤልን ለመንኳቸው። እሳቸውም በዚያ ዝናብ ጃንጥላቸውን ይዘው አራት ፎቅ ወጡ። "መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ጸበልህን ጠጣ፣ ኪኒንህንም ዋጥ" አሉት። መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ ለጸበል ብሎ እንዳላቆመ ነገራቸው። ታዲያ ለምንድን ነው ሲሉት የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለ። እኔ ሚስቱ የማላውቀው የቤተሰብ ጉዳይ። መምሬ ወደ እኔ አዩ፣ እኔም ወደ መሬት።

ከዚያ ሐሳቤ ወደ አንቺ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ በስልክ ያወራችሁት ትዝ አለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ልብ ታጠናለች ከማለት ሌላ አላውቅም፣ እስቲ ሥራሽን አስረጂኝ ያለሽ ቀን። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። የገባኝን ልጻፈውና ከሳትኩ አርሚኝ። የልባችን ሴል ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ብጥስጣሽ ነገሮች አሉ፣ በዓይን የማይታዩ። እነሱ ራሳቸው የሚሠሩት ነገር የለም፤ ሥራቸው የሌላውን ትእዛዝ መያዝ ነው። ሴሏ ይሄን ሥሪ፣ ያንን ሥሪ ስትባል እነሱ ደግሞ ቆይ፣ በቃ ይላሉ። ልብ ሲያረጅ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ይበዙና ልብ የተጎዳውን እንዳይጠግን ያግዱታል። ሌሎቹ ይመናመናሉ፣ ያኔ ጠባሳው ይበዛል፣ ልቡም ይደርቃል። ያረጁ አይጦች ላይ አንደኛዋን ዝም ሲያሰኟት ልባቸው ደህና አድርጎ ይመታ ጀመር አልሽ። ደግሞም ወደ ደም ስለሚወጡ፣ የሰው ልብ ምን ያህል እንዳረጀ ከደሙ ለማንበብ እየሞከራችሁ እንደሆነ ነገርሽው።

"ፍሬን ናቸው በይኛ!" አለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ፉርጎ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው ሌላ ምን ይላል? አዎ አባዬ፣ ፍሬን ናቸው ስትይው ደስታው ወሰን አጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሕንፃችን ማይክሮ አር ኤን ኤን የማያውቅ የለም። ሐጀራ ሳትቀር ስኳር እየመዘነች "ጋሽ ቀናው፣ ፍሬኑ ዛሬ እንዴት አደረ?" ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ፣ ለጥበቃዎቹ፣ ለቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር ያስረዳ ነበር። ሳይታክት፣ ሳል እያቋረጠው።

ስለዚህ የአይጦቹን መድኃኒት ልጄ ታመጣልኛለች ብሎ፣ እንደ ጸበሉ ሰውነቱን አንጽቶ የሚጠብቅ መሰለኝ። በሐጀራ ስልክ የደወልኩልሽ ያን ጊዜ ነው። ሥራ ላይ ነበርሽ። ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ፣ አልቅሼ አበላሸሁት፤ ከአፌ የወጣልኝ "መድኃኒቱን፣ መድኃኒቱን" ብቻ ነው። አንቺም ደንግጠሽ ወዲያው ለሱ ደወልሽ። የሆነውን አይተሻል፤ ኪኒኑን ካሜራው ፊት አሳየሽ፣ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ውሃ ጠጣበት፣ ጭራሽ አፉን ከፍቶ አሳየሽ። ጎበዝ አልሽው። የአይጦቹ ነገር ለሰው ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረውም ነገርሽው፤ አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ እሱን አልጠብቅም አለሽ። ያላየሽውን ልንገርሽ፤ ስልኩ እንደተዘጋ ከምላሱ ሥር አወጣው፣ በመሐረቡ ጠረገው፣ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ዓይኔ እያየ። ከዚያ በኋላ አኮረፈኝ፣ ጾመ ፍልሰታ ሲገባም አልለቀቀውም።

ሮዲ፣ እኔ ሰው ሲያኮርፈኝ አልወድም፣ እሱ ሲሆን ደግሞ አልችልም። ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፣ ይበላል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሐኪሟ ጾም ከልክላዋለች። ሰው ሁሉ ከጥሉላት ሲጾም አባትሽ ቅቤውን እየበላ መድኃኒት የሚጾም ሰው ሆነ ብዬ ለሐጀራ ስነግራት ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቁን ማቆም አቃተኝ፣ ሳላውቀውም ወደ ለቅሶ ዞረ። ሐጀራ ሱቋን ዘግታ እስኪወጣልኝ ድረስ አጠገቤ ተቀመጠች።

እውነቱን ያወጣው ቀጀላ ነው። የምድር ባቡር ጓደኛው ቀጀላ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አሁንም የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ሊጠይቀው መጣና ያን እግር ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ማድ ቤት ምስር እለቅም ነበር፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ቀጀላ ሰው አይፈራም፤ ለምን ራስህን ትገድላለህ ብሎ በቀጥታ ጠየቀው። አባትሽ ለኔ ያልነገረኝን ለሱ ነገረው።

"ሮዳስ ምን አለችኝ መሰለህ? እዚያ አገር መድኃኒት ያልነካው አሮጌ ልብ ጠፋ አለችኝ። ሽማግሌው ሁሉ ኪኒን በእፍኝ ነው አሉ የሚውጠው፣ ኪኒኑ ደግሞ ደሙን ይለውጥባታል። ልጄ የማታውቃቸው ፈረንጆች ደጅ ቆማ ደም ስትለምን እኔ አባቷ ቁጭ ብዬ ልይ? ነውር አይደለም እንዴ?"

ቀጀላ ትሞታለህ እኮ አለው። አባትሽ ደግሞ በጥቅምት ትመጣለች፣ እስከዚያ እቆያለሁ፣ ንጹሕ ደም ይዤ ነው የምጠብቃት አለ። ይሄን ሲል ድምፁ ደህና ነበር። እንደ ድሮው፣ ሥራ ሊገባ ሲነሳ እንደሚናገረው።

እኔ ምስሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ያን ቃል ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ፣ የኔ ልጅ፣ ያን ሥራሽን ያስረዳሽው ቀን። እየሳቅሽ ነበር። ያንተ ደም በሆነልኝ አባዬ፣ ግን አንተም ኪኒን ትውጣለህ ብለሽ እየሳቅሽ። እኔም ስቄያለሁ። እሱ ብቻ አልሳቀም፤ እኔ ግን ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው፣ በማርያም እንዲህ እንዳታስቢ። ሰው ከአባቱ ጋር ካልቀለደ ከማን ጋር ይቀልዳል? ግን አንቺ ጥናት ያልሽውን እሱ ልመና አድርጎ ሰማው። ሕይወቱን ሙሉ የሰው ደጅ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። ልጁ ሰው አገር እጇን ስትዘረጋ ታየችው፣ አለቀ።

ቀጀላ እንደሄደ ገባሁበት። አንድ ሽማግሌ ምን ይሞላላታል፣ ደምህን ነው ወይስ ሬሳህን ነው የምትፈልገው አልኩት። ሁሉም ከአንድ ይጀመራል አለኝ፣ ረጋ ብሎ። ወደ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ስለው ደግሞ መርፌያቸውም መድኃኒት ነው ብሎ እምቢ አለ። ሐኪሟን ብቻዬን ሄጄ አነጋገርኳት። ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ነው፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ ካልጀመረና ካላመጣሽው ኃላፊነት አልወስድም አለችኝ። ልጅ እግር ናት፣ አንቺን ነው የምታክለው። ጠረጴዛዋን ይዤ ለመንኳት። እኔን ምን ታድርገኝ፣ በሽተኛው ሌላ።

አሁን ወደ ትላንቱ ልምጣ።

ከፍልሰታ ቅዳሴ ስመለስ ናዕማ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። እጇ ላይ የኛ ፔርሙስ አለ፣ ያ ቀዩ። ልትሰናበተው ወጥታ ነበር፤ ለሮዳስ ነው፣ አደራ፣ በእጅሽ ያዢው ብሎ ሰጣት። መርቋት ሲያበቃ ዓይኑ እንባ ሞላ አለችኝ። ሽማግሌ እያለቀሰ የሰጣትን እንዴት እምቢ ትበል? እሺ ጋሼ ብላ ወረደች። ከዚያ ከፍታ አየችው። "እትዬ የሺ፣ እኔ ምን ላድርገው?" አለችኝ።

በረዶ የሆነ የሃይላንድ ውሃ አለበት። አጠገቡ በመሐረብ የተጠቀለሉ ሁለት የደም ብልቃጦች፣ ወይን ጠጅ ክዳን ያላቸው። ስሙን በገዛ እጁ ጽፎበታል፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቱ። ከስሙ ሥር "ንጹሕ" ይላል።

የቀዳችለት ሉላ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ። የልጄ ትእዛዝ ነው ብሏታል፣ እሷም አምና ደስ ብሏት ቀዳችለት። ስጠይቃት ፊቷ ዓመድ መሰለ። ይሄ በአውሮፕላን እንዲህ አይሄድም፣ ቢሄድም አይረባም አለችኝ። እሷ እንደምትለው ደሙ ወዲያው በማሽን ተሽከርክሮ፣ ውሃው ተለይቶ ካልቀዘቀዘ አንቺ የምትፈልጊው ነገር ይበላሻል። እውነት ነው? እውነት መሆኑን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በጥቅምት ትመጣለች፣ እጠብቃታለሁ ያለ ሰው ለምን አሁን ላከው? ይሄን ጥያቄ ለራሴም አልመለስኩትም። አንቺም አትመልሺልኝ።

ናዕማን እዚያው አቁሜ ወጣሁ። ፊቴን አስተካክዬ ገባሁና፣ ደምህን ለልጅህ ልከሃል አሉ፣ እንግዲህ ጉዳይህ አልቋል፣ ዋጥ አልኩት። ኪኒኑን በመዳፌ፣ ውሃውን በሌላ እጄ ይዤ። ስንት ጊዜ ያላየሁትን ፈገግታ አየሁ። እጄን ያዘኝ፣ እርቃችን ያ ነው።

"ደርሶ፣ ሮዳስ አይታው፣ ንጹሕ ነው ካለችኝ ያን ሰዓት እውጣለሁ፣ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው" አለኝ። "ከተበላሸ ግን ሌላ መላክ አለብኝ። እስከዚያ አልነካም፣ የሺዬ።"

አባትሽ ምሎ አያፈርስም። ሲጋራውን በመሐላ ነው የተወው፣ አንቺ የተወለድሽ ቀን፣ ዳግመኛም አልነካም። ስለዚህ ይሄን ቃል ስሰማ አንድ በር ተከፈተልኝ። የተከፈተው ግን አንቺ ዘንድ ነው።

ዛሬ ጧት ብልቃጦቹን ከሐጀራ ፍሪጅ አወጣሁ፣ ከወተቱ አጠገብ ነበር ያሳደርናቸው። ናዕማ ይዛው አትሄድም፣ ያ ተቆርጧል። እንዲያው መጣሉ ነው የጨነቀኝ። ሽንት ቤት ልድፋው? ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ልክተተው? አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ደም እኮ ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ አዲስ የተተከለችው ዛፍ ሥር፣ አፈሩን በማንኪያ ቆፈርኩና አፈሰስኩት። ሙቀት ያለው መስሎኝ ነበር፣ ቀዝቃዛ ነው። አፈር መለስኩበት። ዝናቡ ያካፋ ነበር፣ ሐጀራ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆመች። ብልቃጦቹን አጥቤ ለሉላ መለስኩላት። መሐረቡ ብብቴ ሥር ነው፣ አሁን ስጽፍልሽም።

እንግዲህ የምለምንሽን ስሚኝ።

ናዕማ ረቡዕ ትደርሳለች። እሱም ረቡዕን ይዞ ነው የሚጠብቀው። የዚያን ቀን ደውዪለትና ደሙ ደረሰኝ በይው። አየሁት፣ ንጹሕ ነው፣ ከማንም ደም የተሻለ ሆኖልኛል፣ በቃኝ በይው። ከዚያ እኔ ኪኒኑን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ናዕማን ዋሽተሽ ንገሪልኝ አላልኳትም። እሷም ወላሂ መዋሸት አይሆንልኝም፣ ግን ካልጠየቁኝ አልናገርም ብላኛለች። እሱም ይበቃኛል።

አንቺም ውሸት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። አምና "አይዞህ፣ ትድናለህ" ስለው ከዚያ ማዶ ሆነሽ አርመሽኛል። ትድናለህ አትበይው፣ የልብ ድካም ተነቅሎ አይጠፋም፣ መድኃኒቱን ከወሰደ ግን አብሮት ይኖራል በይው አልሽኝ። ተናድጄብሽ ነበር። እሱ ግን አየሽ፣ ልጄ አታባብለኝም ብሎ ኮራ። የሚያምንሽ ለዚህ ነው። እኔ የምለውን ሁሉ ማባበያ ያደርገዋል። እምላለሁ ብለው፣ ባለቅስ፣ መሬት ላይ ብወድቅ ካንቺ አንዲት ቃል አትበልጥበትም። አንድ ቀን እንኳ ዋሽተሽው ቢሆን ኖሮ ይሄን አልለምንሽም ነበር፣ ምክንያቱም አይሠራም።

ሥራሽ በእውነት የሚቆም ሥራ መሆኑ ይገባኛል። ያልተማርኩ ብሆንም ይገባኛል። የሌለ ደም አየሁ ማለት ላንቺ ምን እንደሆነ አስቤዋለሁ፣ ዛሬ ዛፏ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን በየትም መዝገብ አትጽፊው፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው የምትይው። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ለመምሬ ራሴ እናዘዘዋለሁ፣ ቀኖናውንም እኔው እፈጽመዋለሁ፣ አንቺ ላይ ጭረት እንዳይደርስ።

ሲጠይቅሽ ተዘጋጂ። እንዲሁ አይለቅሽም፣ ጥያቄው ይበዛል። የኔ ልብ ስንት ዓመቱ ሆኖ ተገኘ ማለቱ አይቀርም። ወጣት ነው እንዳትይው፣ ያኔ ኪኒኑን ለምኔ ነው ይላል። አርጅቷል፣ ግን ገና ይሠራል በይው። ይሄኛው ውሸት አይደለም፤ ሶፋው ላይ አንገቱ ሲዘነበል ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ይቆምና እኔም አብሬው እቆማለሁ፣ ከዚያ መልሶ ይጀምራል።

ከቻልሽ ደግሞ ጥቅምትን አትጠብቂ። ይሄንንም ለራስሽ እንጂ ለሱ እንዳትነግሪው። እቃ አትግዢ፣ ባዶ እጅሽን ነይ።

ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ መስመሩ ነው እላለሁ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ። ብቻ ረቡዕ አይለፍ። ይሄን ሱባዔ አንድም ቀን አላጎደልኩም፤ እመቤታችን የለመንኳትን ታውቃለች፣ አፍሽንም እሷ ትክፈትልሽ። በሰው አገር ሞገስ ትሁንሽ፣ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። እኔን ደግሞ አፈር ያለበስኩትን ደም አንቺ በእጅሽ ተቀብለሽዋል ሲባል ለመስማት ታብቃኝ።

እናትሽ
የሺሐረግ